ጎድዚላ ከመቶ ስንት አገኘ?

ለሕዝብ ትምህርት የተዘጋጀ ንግግር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 «ጎድዚላ» የተባለ የቪዲዮ ጌም ለፕሌይስቴሽን 4 ተሠርቶ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ላይ ዋለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሳታሚው የጃፓኑ ባንዳይ ናምኮ፣ ሠሪው ናትሱሜ አታሪ ነበር። ጃፓኖች ግን ቀደም ብለው በዲሴምበር 2014 በፕሌይስቴሽን 3 ተጫውተውታል። የምዕራቡ ዓለም የጌም ሐያሲያን የሰጡት ነጥብ ተደምሮ አማካዩ ሲወጣ ከመቶ 40 እንኳ አልሞላም። በዚህ ሙያ 70 ያገኘ ጌም «ምንም አይልም» የሚባል ስለሆነ፣ ከ40 በታች ያገኘ ደግሞ ለይቶለት ወደቀ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለንግግር የሚሆን ጉዳይ አይወጣውም ነበር። ግን አላበቃም። ወደቀ የተባለው ጌም ከመደብር ሲጠፋ ዲስኩ ብርቅ ሆነ፤ የጎድዚላ ወዳጆች ከመጀመሪያ ዋጋው በላይ እየከፈሉ ይፈልጉት ጀመር። ሐያሲው «ዘገምተኛና አሰልቺ» ብሎ የጣለውን ጨዋታ ወዳጆቹ «የእውነተኛው ጎድዚላ አረማመድ ያለው እዚህ ነው» ብለው አነሡት። ሁለቱም ወገን ያየው ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ አውሬው ዝግ ብሎ ይሄዳል።

ታዲያ አንደኛው ወገን ዕውቀት ስለጎደለው ነው? አይደለም። ግዙፍ አውሬዎች የሚደባደቡበት ጌም ገና ሲጸነስ ጀምሮ በሆዱ ጠብ የያዘ ነው። ድብድብ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ግዝፈት ደግሞ ዝግታ ይፈልጋል። ላለፉት አርባ ዓመታት ለእነዚህ ጌሞች የተሰጠው ምስጋናም ሆነ ስድብ በአብዛኛው ከዚህ ጠብ የተቀዳ ነው።

ግዝፈት ለምን ዝግታ እንደሚፈልግ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ጢስ ዓባይ ቅርብ ነው። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ይወርዳል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲደፋ ከማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው ውሃው ከአናቱ ተነሥቶ ገደሉ ሥር እስኪደርስ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ውሃው ግን እንደማንኛውም ወዳቂ ነገር እየፈጠነ ነው የሚወርደው። ርቀቱ ረጅም ስለሆነ ብቻ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከሁለት ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ በአንጻሩ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይነካል። ዓይን ይህን ሒሳብ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል፤ አወዳደቁ ጊዜ የወሰደ ነገር ትልቅ ነው ብሎ ይፈርዳል።

በ1954 በመጀመሪያው ፊልም የታየው ጎድዚላ ቁመቱ 50 ሜትር ነበር፤ ከጢስ ዓባይ ትንሽ ይበልጣል። ጣና ውስጥ ቢገባ፣ የሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ከጉልበቱ ብዙም አያልፍለትም። ከዘጌ የተነሣ ታንኳ ቀዛፊ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ቁመናውን በሙሉ ያየዋል ማለት ነው። ይህን ያህል አካል እጁን አንሥቶ ለመጣል ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ሕጉ ቀላል ነው። አካሉ በ25 እጥፍ ሲያድግ የአወዳደቁ ጊዜ በ25 ሥር፣ ማለትም በአምስት እጥፍ ይረዝማል። የሁለት ሜትር ሰው በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰውን መውደቅ ባለ 50 ሜትሩ አውሬ በአምስት ሰከንድ ይጨርሰዋል።

የፊልሙ ሰዎች ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ፣ የልዩ ትዕይንቱ ባለሙያ ኤጂ ትሱቡራያ፣ በጎማው ልብስ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሃሩዎ ናካጂማ ነበር። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለነበር ናካጂማ ቢፈልግም ሊሮጥ አይችልም ነበር። ወደ መካነ አራዊት እየሄደም የትልልቅ እንስሳትን አረማመድ ያጠና ነበር። በዚያ ላይ በትንሹ የተሠሩ የሕንፃ ሞዴሎች ሲፈርሱ የሚቀርጸው ካሜራ ከተለመደው ፍጥነት በላይ እየሮጠ ይቀርጽና ምስሉ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሁሉም ነገር ዝግ ይላል። የተፈረካከሰው ሞዴል በዚህ ዘዴ የቶኪዮን ሕንፃ ክብደት ያገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ጌም ቤት እንግባ። ባሕር ዳር ላይም እንደ ሌላው ከተማ የኳስ ጌም ነው የሚነግሠው፤ ድብድብም ግን የራሱ ወዳጆች አሉት። ሁለት ልጆች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ተረኞች ከኋላቸው ቆመው ምክርና ፌዝ ያዘንባሉ፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሣል። እንደ «ቴከን» ባለ ጌም ስክሪኑ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። ፈጣኑ ቡጢ ከተጫኑት በኋላ በአሥረኛው ምስል ላይ ያርፋል፤ ይህ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ተጫዋች የሚለምደውና የሚወደው ይህንን ነው። ቁልፉን ተጭኖ ቡጢው እዚያው ካልወጣ ጥፋቱን በራሱ አያደርግም፤ «ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም» ብሎ ሌላ ያስለውጣል።

እንግዲህ የጌም ሠሪው ጭንቀት ይህ ነው። አውሬውን እንደ ናካጂማ ቢያስኬደው ልጁ ጆይስቲኩ ተበላሸ ይላል። እንደ ቴከን ቢያስሮጠው ደግሞ 50 ሜትር የነበረው አውሬ የጎማ ልብስ ወደ ለበሰ ሰው ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ጠቡን በብልሃት ሸሽተውታል። በ1986 የአሜሪካው ባሊ ሚድዌይ ያወጣው «ራምፔጅ» ጆርጅ የሚባል ጎሪላ፣ ሊዚ የምትባል እንሽላሊት መሰል አውሬና ራልፍ የሚባል ተኩላ ነበሩት። ሦስቱ ሕንፃ ላይ ወጥተው ግድግዳውን በቡጢ ይደረምሳሉ። እርስ በርስ መመታታት ቢኖርም ዋናው ተቀናቃኛቸው ሕንፃው ነው፤ ሕንፃ ደግሞ አይቸኩልም። በ1991 የጃፓኑ ኤስኤንኬ «ኪንግ ኦፍ ዘ ሞንስተርስ»ን ሲያወጣ ሌላ መውጫ አገኘ፤ አውሬዎቹን ትግል አስያዛቸው። የጃፓን ከተማ ሜዳ ይሆናል፣ አንዱ ሌላውን አንሥቶ ሕንፃ ላይ ይጥላል፣ ጀርባውን መሬት አስነክቶ እስከ ሦስት ካስቆጠረ ያሸንፋል። ነፃ ትግል ውስጥ መተናነቅና ማንሣት ጊዜ ቢወስድ ማንም ቅር አይለውም። ብልህ ምርጫ ነበር።

ጠቡን ፊት ለፊት የገጠሙት በ2002 እና በ2003 በጥቂት ወራት ልዩነት የወጡ ሁለት ጌሞች ናቸው። አንዱ በኦሪገን የሚገኘው ፓይፕወርክስ ሠርቶት በአታሪ ስም ለጌምኪዩብ የወጣው «ጎድዚላ፦ ዲስትሮይ ኦል ሞንስተርስ ሜሌ» ነው። ሁለተኛው ኢንኮግኒቶ የሠራውና ሶኒ በጃንዋሪ 2003 ለፕሌይስቴሽን 2 ያሳተመው «ዋር ኦፍ ዘ ሞንስተርስ» ነው።

ፓይፕወርክስ የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው። አውሬዎቹ ከፊልሞቹ የመጡ ናቸው፤ ጎድዚላ፣ ባለ ሦስት ራሱ ኪንግ ጊዶራ፣ ሮዳን፣ ጊጋን፣ ሜካጎድዚላ። ሲራመዱ ይከብዳሉ፣ ሲመቱ ግን ከፊልሙ ይልቅ ይፈጥናሉ። ሕንፃ ነቅሎ መወርወር አለ፣ ከአፍ የሚወጣ ጨረር አለ፣ ከዳር ሆነው የሚተኩሱ ታንኮችም አሉ። እስከ አራት ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ይደባደባል። የተቺዎቹ አማካይ ከመቶ በ70ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የጻፉት ነገር ተነጻጽሮ ሲነበብ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ዜማ አለው፤ ከጓደኛ ጋር እጅግ ያስደስታል፣ ብቻን ሲጫወቱት ግን ቶሎ ያልቃል፣ ጥልቀት የለውም።

«ዋር ኦፍ ዘ ሞንስተርስ» በበኩሉ የማንንም ስም አልተዋሰም። ጎድዚላን የሚመስል ቶጌራ፣ ኪንግ ኮንግን የሚመስል ኮንጋር፣ ግዙፍ ፌንጣ መሳይ ፕሬይተር እያለ የራሱን ቤተሰብ ፈጠረ። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው በሜዳ ላይ ስክሪን ያዩአቸው የነበሩትን ፊልሞች መንፈስ አለበሰው፤ የጌሙ መግቢያ ራሱ እንዲህ ያለ የሜዳ ሲኒማ ነው። አውሬዎቹ ፎቅ ላይ ይወጣሉ፣ ይዘላሉ፣ መኪና አንሥተው ይወረውራሉ፣ ከሕንፃ አናት የነቀሉትን ዘንግ ባላጋራቸው ላይ ይሰካሉ። ፈጣኖች ናቸው። ክብደታቸውን ከአረማመዳቸው ይልቅ በዙሪያቸው በሚናደው ከተማ ነው ያሳየው። ተቺዎች ወደዱት፤ አማካዩ 80 አካባቢ ደረሰ። ቅሬታቸው በካሜራው አቅጣጫና ከሁለት ሰው በላይ ስለማያጫውት ነበር። በዚህ ጸሐፊ ሚዛን ከሁለቱ የተሻለው ድብድብ ይህኛው ነው፤ የተሻለው አውሬ ግን ያኛው።

ለመሆኑ ይህ «አማካይ» የሚባለው ከየት ይመጣል? በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ የየጋዜጣውንና የየመጽሔቱን ነጥብ ሰብስቦ፣ ለአንዳንዱ ከሌላው የበለጠ ክብደት እየሰጠ፣ ወደ አንድ ቁጥር ያወርደዋል። ቁጥሩ ለገዢ መመሪያ ተብሎ የተጀመረ ቢሆንም ቆይቶ ደመወዝ ላይ ደረሰ። በ2010 የወጣው «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የሚታወቅ ምሳሌ ነው። ሠሪው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ጋር በነበረው ውል ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ጌሙ 85 ከደረሰ ነበር፤ ያገኘው 84 ነው። ይህን ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበረው ክሪስ አቬሎን በ2012 ይፋ አድርጎታል። አንድ ነጥብ፣ ምናልባት አንድ ራሱን ያመመው ሐያሲ፣ የስንት ሰው ጉርሻ ያዘ።

ሐያሲው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም ይጠቅማል። ብዙውን ጊዜ ጌሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይደርሰዋል። ጽሑፉን በቀነ ገደብ ማስረከብ ስላለበት ቤቱ ወይም ቢሮው ብቻውን ተቀምጦ ታሪኩን ይጨርሳል፣ አንዳንዴ ከሥራ ባልደረባው ጋር ጥቂት ዙር ይገጥማል። «ብቻን ሲጫወቱት ቶሎ ያልቃል» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ወንበር ላይ የተጻፈ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ለዓመታት የሚኖረው ደግሞ ተረኛ የማይጠፋበት ጌም ነው፤ ታሪኩ በሁለት ሰዓት ቢያልቅም፣ ጨርሶ ባይኖርም ግድ የሚለው የለም። አራት ሰው እንዲጫወተው የተሠራን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ከመዘነው ሚዛኑ ቀድሞውንም አጋድሏል።

ይህ ማለት ግን ተቺዎቹ ሁልጊዜ ተሳሳቱ ማለት አይደለም። ፓይፕወርክስ በ2004 «ሴቭ ዚ ኧርዝ»ን፣ በ2007 «አንሊሽድ»ን አስከተለ። በኋለኛው የዊ ቅጂ ላይ ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን በአየር ላይ እያወዛወዘ እንዲመታ ተደረገ። የእጁ መወዛወዝና የአውሬው ምት አልጣጣም አለ። ተቺዎች ክፉኛ ነቀፉት፤ ልክ ነበሩ። አውሬው ዝግ ማለቱና የተጫዋቹ ትእዛዝ አለመሰማቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ መነሻው ጌም፣ ወደ 40 ያልሞላው «ጎድዚላ» ስንመለስ የሚታየው ይህ ልዩነት ነው። ተጫዋቹ አውሬውን ወደ ፊት ለማስኬድ አውራ ጣቱን ይጠቀማል፤ ለማዞር ግን በጆይስቲኩ ትከሻ ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች መጫን አለበት፤ ግራ ለግራ፣ ቀኝ ለቀኝ። ቁልፉ ሲጫን ጎድዚላ መጀመሪያ እግሩን ያነሣል፣ ወገቡ ይከተላል፣ ከዚያ ጅራቱ ከኋላ ያለውን ሰፈር እየጠረገ ይዞራል። ከተማውን ባፈረሰ ቁጥር ከ50 ሜትር ተነሥቶ ቁመቱ እየጨመረ ይሄዳል። ከባላጋራ ጋር ሲገናኝ ግን ሁለት አውሬዎች ጎን ለጎን ተላልፈው፣ እንደገና ለመገጣጠም ሁለቱም ቀስ ብለው ሲዞሩ ይታያል። ሐያሲው «ይህ ድብድብ አይደለም» ሲል እውነቱን ነው። ወዳጁ ያ ጅራት ሰፈሩን ሲጠርግ አይቶ «ይህ ጎድዚላ ነው» ሲልም እውነቱን ነው። በተጨማሪ ጌሙ ስለየአውሬው የሚያስረዳ ማኅደርና አውሬዎቹን በፈለጉት አኳኋን አቁሞ ፎቶ ማንሻ ክፍል አለው፤ ነጥብ ሰጪው ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሰጠው ዋጋ ትንሽ ነው፣ ሰብሳቢው ግን ሰዓታት ያጠፋበታል። ጌሙ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይገባው ነበር፤ ለድብድቡ ዝቅተኛ፣ ለአውሬው ከፍተኛ።

በሐያሲና በአውሬ መካከል ያለው ቂም ከጌም ይቀድማል። ሮላንድ ኤመሪክ በ1998 የሆሊውዱን «ጎድዚላ» ሲሠራ፣ ቀደም ያሉ ፊልሞቹን የነቀፉትን ታዋቂ ሐያሲያን ሮጀር ኢበርትንና ጂን ሲስክልን ለመበቀል የኒውዮርኩን ከንቲባ ኢበርት፣ ረዳቱን ጂን ብሎ ሰየማቸው። ኢበርት በሒሱ ላይ ነገሩን በቀልድ ተቀበለው፤ በአውሬው እንደ ትል እጨፈለቃለሁ ብሎ ሲጠብቅ በመትረፉ መገረሙን ጻፈ። ያው ኢበርት በ2010 የቪዲዮ ጌም መቼም ጥበብ አይሆንም ብሎ ጽፎ በተጫዋቾች ዘንድ ትልቅ ቁጣ ቀስቅሷል። የጎድዚላ ፊልም ግን በጊዜ ብዛት ክብር እያገኘ ሄደ። በ1954 የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ያስደነገጣት ጃፓን የመጀመሪያውን ጎድዚላ በተቀበለችበት ጊዜ ከራሷ ሐያሲያን አንዳንዶቹ የሕዝብን ሐዘን መነገጃ አደረገው ብለው አጣጥለውት ነበር። በ2024 ደግሞ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» በምስል ልዩ ትዕይንት ኦስካር ወሰደ። ሰባ ዓመት ፈጀ።

በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ያለው አውሬ የተለየ ዕጣ ነው ያለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ የሚወጋው ደራጎን ብዙውን ጊዜ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የሚያድናት ልጅ ብሩታዊት ከዳር ትመለከታለች። ሠዓሊው ትልቅነትን የሰጠው ለቅዱሱ ነው፣ አውሬው በመጠኑም ተሸንፏል። የጃፓኑ ባህል ይህን ገልብጦ ትልቅነቱን ለአውሬው ሰጠ፤ የጌሙ ዘመን ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሮ አውሬውን ራሱን በልጁ እጅ አስገባው። ልጁ ታንክ ረግጦ ሲያልፍ እታች ያሉት ጥቃቅን ሰዎች የሚሮጡት ከእሱ ነው። ተቺዎች ስለ ካሜራና ስለ ፍጥነት ሲጽፉ ይህን ደስታ በአንድ መስመር «ማፈራረሱ ያረካል» ብለው ያልፉታል፤ ያለዚያ ግን ሰው ጌሙን ለምን እንደሚገዛው አይገባም።

የቅርቡ ምሳሌ የመጣው ከማሌዥያ ነው። ፓሽን ሪፐብሊክ የተባለ የዚያ አገር ኩባንያ በኦገስት 2022 «ጊጋባሽ»ን አወጣ። ጠቡን የፈታበት መንገድ ቀላልና ጥሩ ነው። አውሬዎቹ ሲጀምሩ ቀልጣፎች ናቸው፤ በድብድቡ መካከል ኃይል ሲሞላላቸው ለተወሰነ ጊዜ እጅግ ይገዝፋሉ። ፍጥነቱና ግዝፈቱ በየተራ ይመጣሉ ማለት ነው። እስከ አራት ሰው ይገጥማል። ተቺዎችና ገዢዎች ብዙም ሳይራራቁ ወደዱት፤ የቀረው ቅሬታ አሁንም ብቻውን ለሚጫወት ሰው ያለው ነገር ማነሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የጎድዚላ ባለቤት ቶሆ ፈቅዶ ጎድዚላ፣ ጊጋን፣ ሜካጎድዚላና ዴስቶሮያ በሕጋዊ መንገድ ወደ ጌሙ ገቡ። ከጎድዚላ የተማረ የማሌዥያ ቡድን ጎድዚላን እንግዳ አድርጎ አስተናገደ።

ኢትዮጵያ ውስጥም ጌም የሚሠሩ አሉ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ንና ገበጣን ለስልክ ሠርቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶችም ነገ የራሳቸውን አውሬ ቢያወጡ አይገርምም። ሲያወጡ የሚጠብቃቸው ሒስ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብና «አሪፍ ነው» የምትል አንዲት ቃል ከሆነች ግን ምን ማሻሻል እንዳለባቸው አያውቁም። የአማርኛ መጽሔቶች ለመጽሐፍ፣ ለቴአትርና ለፊልም የሒስ ገጽ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ለጌም መስጠት ትልቅ ወጪ አይጠይቅም።

አሠራሩንም ከጃፓን መዋስ ይቻላል። ከ1986 ጀምሮ የሚታተመው ፋሚትሱ መጽሔት አንድን ጌም ለአራት ሰዎች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ይያዛል፣ የአራቱም ነጥብ ለየብቻው ጎን ለጎን ይታተማል። በባሕር ዳር የሚጀመር የጌም ዓምድ ቢኖር ከአራቱ ገምጋሚዎች አንዱ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ይጫወት፣ ሦስቱ ጌም ቤት ሄደው ተረኛ እየጠበቁ ይጫወቱ፤ ነጥቦቹ ከተራራቁ ለምን እንደተራራቁ የሚያስረዳው አንቀጽ ከቁጥሩ በላይ ይታተም።